አንገተ ረጅሞቹ አልበሞች

«የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ያለው ሰው የሮክ ሸክላ የሚሰበስብ ጎረቤት ሳይኖረው አይቀርም። በሕይወት ያለ ልጅ አንገቱ መቼም አጭር ነው፤ ብርጭቆ ይሰብራል፣ ወላጅ ያስጠራል፣ ሲያድግም የአጎቱን ዐመል ይዞ ብቅ ይላል። የሞተው ግን ዓመት በጨመረ ቁጥር አንገቱ ይመዘዛል፣ ጠባዩ ይቃናል፣ ቢኖር ኖሮ ሐኪም ይሆን ነበር። አልበምም ያው ነው። ታትሞ የተሸጠ አልበም ጉዱ አደባባይ ወጥቷል፤ ሦስተኛው ዘፈን ያንቀላፋል፣ በጀርባው ያሉት ሁለቱ ቦታ ለመሙላት የገቡ ናቸው፣ ከበሮ መቺው ቸኩሏል። ያልወጣ አልበም ግን ምን እንከን ይወጣለታል? ማን ሰምቶት?

ይህን የሚያናግረኝ አንድ ወዳጄ ነው። ቀን ቀን የተከበረ የሒሳብ ሠራተኛ ነው፤ ሳንቲም ሳትጎድል ዓመቱን ይዘጋል። ማታ ራቱን በልቶ፣ ልጆቹን አስተኝቶ፣ የጆሮ ማዳመጫውን ሲደፋ ግን ሌላ መዝገብ ይከፍታል። ከሃምሳ ዓመት በፊት እንግሊዝና አሜሪካ ውስጥ ተጀምረው የተተዉ፣ አልቀው መሳቢያ ውስጥ የቀሩ፣ ባለቤቶቻቸው ተጣልተው የበተኗቸውን የሮክ አልበሞች ከየፍርስራሹ እየለቀመ ይገጣጥማል። «ቢወጣ ኖሮ እንዲህ ነበር የሚሆነው» ይለኛል። ሁልጊዜ «ቢወጣ ኖሮ» ነው። «ያላዩት አገር አይናፍቅም» የሚባለው ተረት እሱ ደጃፍ ሲደርስ አፍሮ ይመለሳል።

«ከየት አመጣኸው ይህን ዐመል?» ብዬው አውቃለሁ። ወደ ልጅነታችን ወሰደኝ። ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የፈረንጅ ሙዚቃ የሚገኘው ባዶ ካሴት ይዞ ሙዚቃ ቤት ሄዶ በማስቀዳት ነበር። የስድሳ ደቂቃ ካሴት አንድ ገጹ ሠላሳ ደቂቃ ይይዛል፤ ክሩ ሲያልቅ ዘፈኑ አለቀ አላለቀ ብሎ አይጠይቅም። ዘፋኙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ጊታሩ እየተንደረደረ፣ ዋናው ነገር ሊመጣ ሲል ቀጭ! ወዳጄ በሕይወቱ መጀመሪያ የሰማው አልበም እንዲህ የተቆረጠ ነው። የቀረውን አልጋው ላይ ተጋድሞ በልቡ ጨረሰው። ከዓመታት በኋላ ሙሉው እጁ ሲገባ፣ ዘፈኑ እሱ እንደጨረሰው ሳይሆን ድምፁ ቀስ በቀስ እየደከመ የሚያልቅ ሆኖ ተገኘ። «የእኔ ይሻላል» አለኝ። ቀልዱን እንዳይመስላችሁ።

ብቻውን ቢሆን ባለቤቱ ጠበል ትወስደው ነበር። ነገር ግን አውሮፓና አሜሪካ ብጤዎቹ ብዙ ናቸው፤ ሥራውም ሕግ አለው። ዋናው ሕግ ዘመን አለመቀላቀል ነው። አልበሙ በ1967 ሊወጣ ታስቦ ከነበረ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ ማስላት ከጀመርን ከዚህ አንወጣም) በ1968 የተቀረጸ አንዲት የጊታር ጭረት እንኳ እንዳትገባ። ሌላው ሕግ የሸክላው አቅም ነው። የአንድ ሸክላ አንድ ገጽ በደህና ድምፅ የሚይዘው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከዚያ ብዙ ካለፈ መስመሮቹ ይጣበባሉ፣ ድምፁ ይሳሳል። ስለዚህ ወዳጄ በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ሙዚቃ የሚይዝ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ፣ ማንም ለማያትመው ሸክላ፣ «የመጀመሪያው ገጽ ሁለት ደቂቃ ተረፈኝ» ብሎ እንቅልፍ ያጣል።

ክርክራቸውን ያዳመጠ ሰው አንድምታ የሚተረጎምበት ጉባኤ ቤት የገባ ይመስለዋል። ይህቺ የፒያኖ ቁራጭ የመጀመሪያው ገጽ መግቢያ ናት። አንድም የሁለተኛው ገጽ መደምደሚያ ናት። አንድም ሰውዬው ጣቱን ሲያፍታታ ሳያውቅ የተቀረጸች ናት። ሦስቱም ወገን ማስረጃ አለው፤ ሦስተኛውን ወገን ግን ማንም አይወደውም።

የእነዚህ ሁሉ አልበሞች አውራ «ስማይል» ነው። ቢች ቦይስ የካሊፎርኒያ ልጆች ናቸው፤ ሦስት ወንድማማቾች፣ የአክስታቸው ልጅ ማይክ ሎቭና አንድ ጓደኛ። ስለ ባሕር፣ ስለ መኪናና ስለ ልጃገረድ እየዘፈኑ ሀብታም ሆኑ። ታላቁ ወንድም ብሪያን ዊልሰን ጉዞውን ለሌሎቹ ትቶ ስቱዲዮ ውስጥ ቀረ። በ1966 ሃያ አራት ዓመቱ ነበር፤ «ጉድ ቫይብሬሽንስ» የተባለውን ዘፈን የሠራውም በዚያ ዓመት ነው። ዘፈኑን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ጊዜ ተጫውቶ መቅረጽ ቀረ። አንዷን ክፍል እዚህ ስቱዲዮ፣ አዝማቹን እዚያ ስቱዲዮ፣ መሸጋገሪያውን ከወር በኋላ ሌላ ቦታ፤ ከዚያ ክሩን በምላጭ እየቆረጡ መቀጠል። ለሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ዘፈን አራት ስቱዲዮ ተዞረ፣ ወራት ፈጀ፣ ከ50 ሺህ ዶላር በላይ እንደወጣበትም ይነገራል። አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጣ። ይህ ነው ጥፋቱ። ባይሳካለት ኖሮ ወዳጄ ዛሬ ማታ ማታ ይተኛ ነበር።

ብሪያን ተበረታታና ሙሉ አልበም በዚያው መንገድ ሊሠራ ተነሣ። ቫን ዳይክ ፓርክስ የተባለ ወጣት ገጣሚ አገኘ። ሁለቱ የጻፉት ስለ ጥንቷ አሜሪካ፣ ስለ ባቡር ሐዲድ፣ ስለ አትክልት፣ ስለ አራቱ ባሕርያትም፦ ስለ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት ነበር። ብሪያን ቤቱ ውስጥ አሸዋ አስደፍቶ ፒያኖውን በላዩ አስቀመጠ፤ እግሩ የባሕር ዳር አሸዋ እየረገጠ ዜማ እንዲያፈልቅ። የቤቱ ውሾች ግን የአሸዋውን ጥቅም በሌላ ተረድተውት ነበር። ስለ አትክልቱ ዘፈን ሲቀረጽ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ለእንግድነት መጥቶ ሴለሪ ሲያኝክ ተቀርጿል ይባላል፤ የትኛው ኩርሽምታ የማካርትኒ እንደሆነ ለይተው የሚከራከሩ ሰዎች አሉ፤ ወዳጄ አንዱ ነው።

ኖቬምበር 28 ቀን 1966 የእሳቱ ክፍል ተቀረጸ። ሙዚቀኞቹ፣ ያውም የሎስ አንጀለስ አንደኛ ደረጃ ባለሙያዎች፣ የልጆች መጫወቻ የእሳት አደጋ ቆብ ደፍተው እንዲጫወቱ ተደረገ፤ ጭሱ እንዲሸታቸውም ባልዲ ውስጥ እንጨት ነደደ። ብዙም ሳይቆይ በአቅራቢያው አንድ ሕንፃ ተቃጠለና ብሪያን ሙዚቃዬ ነው ያቃጠለው ብሎ ፈራ። ከዚህ በኋላ ነገሩ እየተበላሸ ሄደ። ማይክ ሎቭ አንድ ስንኝ ጠቁሞ ትርጉሙን ቢጠይቅ ገጣሚው እኔም አላውቀውም አለ፤ ቆይቶም ጥሎ ሄደ። የክሩ ክምር ጨመረ፤ ቅደም ተከተሉን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም አላወቀውም። የባንዱ አሳታሚ ካፒቶል ኩባንያ በበኩሉ ሥራው ያለቀ መስሎት ፈገግታ የሚሸጥ ሱቅ የተሳለበትን ሽፋን ከ400 ሺህ በላይ አሳትሞ ቁጭ አለ። ልብሱ ተሰፍቶ ልጁ ሳይወለድ ቀረ። በሜይ 1967 መሰረዙ በጋዜጣ ተነገረ፤ በሴፕቴምበር «ስማይሊ ስማይል» የተባለ ቀለል ያለ አልበም ቤት ውስጥ ተቀርጾ ወጣ። እኔ እሱንም እወደዋለሁ። ይህን ግን ወዳጄ ፊት አልናገርም።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያለውን አስቡት። ቁርጥራጮቹ አንዳንዶቹ በኋላ በወጡ አልበሞች ላይ ብቅ አሉ፣ ሌሎቹ ከመጋዘን ሾልከው በካሴት ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። የቅጂ ቅጂ ሲቀዳ ሽ... የሚለው የክሩ ድምፅ ይጨምራል፣ ዘፋኙ ይርቃል። የአንዱ ማጫወቻ ፍጥነት ከሌላው ስለማይገጥም ድምፁ ወይ ይወፍራል ወይ ይቀጥናል። ስለዚህ ገጣጣሚው መጀመሪያ ፒያኖው ከመደበኛው ቅኝት ምን ያህል እንደራቀ አድምጦ ፍጥነቱን ያስተካክላል፣ ከዚያ ቁርጥራጩን ከቁርጥራጩ ያጋጥማል፣ መገጣጠሚያው እንዳይሰማ ደግሞ የሲምባል ምት ላይ ይቆርጣል። ቅደም ተከተሉንስ? ለካፒቶል የተላከች የአሥራ ሁለት ዘፈኖች ዝርዝር የያዘች የእጅ ጽሑፍ ነበረች፤ ብዙዎች በእሷ ላይ ሕንፃቸውን ገነቡ። ቆይቶ ጽሑፉ የብሪያን እጅ እንዳልሆነ ታወቀ። ሕንፃው አልፈረሰም፤ መሠረቱ ብቻ ነው የተነሣው።

ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ሆነ። በ2004፣ ከ37 ዓመት በኋላ፣ ብሪያን ዊልሰን ለንደን ሮያል ፌስቲቫል ሆል መድረክ ላይ ወጥቶ «ስማይል»ን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰማ። ዳሪያን ሳሃናጃ የተባለው የብሪያን ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ቁርጥራጮቹን ላፕቶፕ ላይ ጭኖ ከሽማግሌው ጎን ተቀምጦ ነበር ነገሩን ያስተካከለው። የድሮው የግጥም ወረቀት ላይ የማይነበብ ቃል ሲያጋጥም ብሪያን ለፓርክስ ስልክ ደወለለት፤ ገጣሚውም ተመልሶ መጣ፣ የጎደለውንም ጻፈ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ያለቀሰም ነበር። አልበሙም በዚያው ዓመት ወጣ።

ገጣጣሚዎቹስ? ተሳስቷል አሉ።

አዎን፣ ባለቤቱ ተሳስቷል። በሦስት ክፍል ከፍሎታልና። ሸክላ ሁለት ገጽ እንጂ ሦስት የለውም፤ ስለዚህ በ1967 እንዲህ ሊያስበው አይችልም ነበር። ወዳጄ ይህን ሲያስረዳኝ ድምፁ ውስጥ ቁጣ የለም፤ ለታላቅ የሚገባ አክብሮት ነው ያለው፤ ሽማግሌ አባቱ መንገድ ሲስት አይቶ ክንዱን ይዞ የሚመልስ ልጅ ነው። በ2011 ደግሞ ካፒቶል የጥንቱን ክር ራሱን በትልቅ ሣጥን አወጣው፤ ሣጥኑ በ2013 ግራሚ አገኘ። የዚያን ሰሞን ወዳጄን ላጽናና ብሄድ እያፏጨ አገኘሁት። እኔ ሥራው ያለቀበት መስሎኝ ነበር። ሣጥኑ ውስጥ ግን አልበሙ አንድ ሲዲ እንኳ አይሞላም፤ የቀሩት ሁሉ ጥሬ ቁርጥራጮች ናቸው፤ ንጹሕ፣ ሽ የማይሉ፣ ፍጥነታቸው የተስተካከለ። «አሁን ገና ሊጀመር ነው!» አለኝ። ብሪያን በጁን 2025 አረፈ፤ ክርክሩን ሊቋጭ የሚችለው ሰው ከሄደ ወዲህ ክርክሩ አለመብረዱን ለማስረዳት ቃል አላባክንም።

ለጀማሪ ወዳጄ «ስማይል»ን አያዝም፤ የቦብ ዲላንን «ብለድ ኦን ዘ ትራክስ» ነው የሚያዝለት። ዲላን በሴፕቴምበር 1974 ኒው ዮርክ ውስጥ ቀርጾ ጨረሰው፤ የሙከራ ሸክላ ሁሉ ታተመ። ዲሴምበር ላይ ሚኒሶታ ለበዓል ቢሄድ ወንድሙ ጥሩ አልሆነም አለውና ከአሥሩ ዘፈኖች አምስቱን ሚኒያፖሊስ ውስጥ በአገሬው ሙዚቀኞች እንደገና ቀረጻቸው። ሽፋኑ አስቀድሞ ታትሞ ስለነበር የእነዚያ ሙዚቀኞች ስም ሳይጻፍ ቀረ። አልበሙም በጃንዋሪ 1975 ወጣ። እዚህ ላይ ገጣጣሚው አምስት ዘፈን አንሥቶ አምስት መተካት ብቻ ነው ያለበት፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። እኔ ወንድምየው ልክ ነበር ባይ ነኝ። የኒው ዮርኩ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሰው ቤት ዘግቶ ሲያዝን ነው፤ የሚኒያፖሊሶቹ ዘፈኖች ሲገቡበት ሰውየው በሩን ከፍቶ መንገድ ለመንገድ መሳደብ ይጀምራል። ሐዘን ብቻውን አርባ ደቂቃ አይገፋም።

ቢትልስም አላመለጡም። በጃንዋሪ 1969 ካሜራ ፊት ተሰብስበው ያለ ምንም የስቱዲዮ ጌጥ ተጫውተን እንቀረጽ፣ «ጌት ባክ» ይባል ተባለ። ጆርጅ ሃሪሰን መሀል ላይ ጥሎ ሄደ፣ ተመለሰ፤ ወሩ ሲያልቅ ሳቪል ሮው በሚገኘው ሕንፃቸው ጣሪያ ላይ ተጫውተው ጨረሱ። የክሩን ጉድ ግሊን ጆንስ ለሚባል መሐንዲስ ሰጡት። እሱም ወሬውን፣ ሳሉን፣ የተሳሳተውን ጅማሬ ሁሉ እንዳለ ትቶ አቀናበረው። አልፈለጉትም። በ1970 መጀመሪያ እንደገና ሠራው፤ አሁንም አልፈለጉትም። ከዚያ ፕሮዲዩሰሩ ፊል ስፔክተር ተጠርቶ በላዩ ላይ ኦርኬስትራና የሴቶች መዘምራን ደረበበት፤ በሜይ 1970 «ሌት ኢት ቢ» ተብሎ ወጣ፣ ማካርትኒ ተናደደ። በ2003 ደግሞ የስፔክተር ጌጥ ተገፎ «ራቁቱን» ወጣ፣ በ2021 የጆንስም ሥራ በይፋ ታተመ። እነሆ የአንድ ወር ሥራ ሦስት አልበም ሆነ፤ ወዳጄ ደግሞ አራተኛውን ይዟል።

የጆንስን ሥራ እንደወጣ ሰማሁት። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሰዎች በስርቆት ሸክላ ሲያሳድዱት የኖሩት አልበም ይህ ነው? ባንዱ ይጀምራል፣ ያቆማል፣ ያወራል፣ ይስቃል፣ እንደገና ይጀምራል። ጓደኛሞች ሲጫወቱ መስማት ደስ ይላል፤ ነገር ግን ደስ የሚለው ለአንድ ጊዜ ነው፣ አልበም ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ነው የሚገዛው። ይህንኑ ለወዳጄ ብነግረው «እሱማ የጆንስ ነው» ብሎ እጁን አራገፈ። የእሱን ሰማሁ። ወሬው ወጥቷል፣ ሳሉ ተወግዷል፤ አንዲት ሳል ብቻ ትቷል፤ «ይቺ ዜማ አላት» ይላል።

ግሊን ጆንስ ግን ሊታዘንለት አይገባም፤ ባመቱ ሌላ ፍርስራሽ ላይ ቂሙን ተወጣ። የዘ ሁ ባንዱ ፒት ታውንሰንድ «ላይፍሃውስ» የሚባል ነገር ጀምሮ ነበር። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ወደፊት አየሩ ይመረዛል፣ ሰው ሁሉ ልዩ ልብስ ለብሶ ቤቱ ይዘጋል፣ ልብሱ በመረብ ተያይዞ ሕይወትን ከውጭ ያፈስለታል፤ ከዚያ ዓማፅያን ኮንሰርት ያዘጋጃሉ፣ አንዲት ታላቅ ኖታ ትገኛለች፣ የሰማት ሁሉ ይሰወራል። በ1971 ይህን የሰማ ማንም ሰው ምንም አልገባውም፤ የባንዱ አባሎች አልገባቸውም፣ ሥራ አስኪያጃቸው አልገባውም፣ ለንደን ያንግ ቪክ ቲያትር ለሙከራ የተጠራው ተመልካችም የድሮ ዘፈን ይምጣልን አለ። ታውንሰንድ ሲያስረዳ ሲያስረዳ ታመመ። ዛሬ ቤቱ ተዘግቶ ሕይወት በመረብ የሚፈስለት ሰው ሁሉ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ግን አልሆነም። ጆንስ መጣና ታሪኩን ተወው፣ ዘፈኖቹን አምጣ አለ፤ ከክምሩ መርጠው አንድ ነጠላ ሸክላ አወጡ፤ «ሁ'ዝ ኔክስት»፣ ኦገስት 1971። ዘ ሁ ከዚያ የተሻለ ሸክላ አልሠሩም፤ እኔ ላይ ለማስመስከር የሚፈልግ ካለ ይምጣ።

የሚገርመው ታውንሰንድ ራሱ መገጣጠሙን አልተወም። በ1999 የሬዲዮ ድራማ አደረገው፣ በ2000 ስድስት ሲዲ አሳተመ፣ በ2023 ደግሞ አሥር ሲዲና የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ የያዘ ሣጥን ወጣ። ስለዚህ ወዳጄ ብቻውን እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የሥራው ባለቤትም ተመሳሳይ በሽታ አለበት። ወዳጄ የራሱን ባለ ሁለት ሸክላ «ላይፍሃውስ» አሰማኝ። ዘፈኖቹ ግሩም ናቸው። ለምን ግሩም እንደሆኑ ግን ታውቃላችሁ፤ ጆንስ ቀድሞ ስለመረጣቸው ነው፤ በመሀላቸው የገቡት አዳዲሶቹ ለምን እንዳልተመረጡ በጆሮ ይሰማል።

ሁሉም ፍርስራሽ ግን የሚገጣጠም አይደለም። ፒንክ ፍሎይድ በ1973 «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦቭ ዘ ሙን»ን አውጥተው ዓለም እጃቸው ውስጥ ሲገባ፣ ቀጥሎ ያለ ሙዚቃ መሣሪያ፣ በቤት ዕቃ ብቻ አልበም እንሥራ አሉ። ስቱዲዮ ገብተው ላስቲክ ወጠሩ፣ ጠርሙስ ነፉ፣ የወይን ብርጭቆ ጠርዝ በረጠበ ጣት አሹ፣ ፍሊት ብጤ ረጩ። ከሳምንታት ልፋት በኋላ ላስቲኩን ወጥረው ያገኙት የቤዝ ጊታር ድምፅ መሆኑ ገባቸው፤ ቤዝ ጊታሩ ደግሞ ማእዘን ላይ ቆሞ ነበር። ተዉት። የብርጭቆው ድምፅ ብቻ ተርፎ በ1975 «ሻይን ኦን ዩ ክሬዚ ዳይመንድ» መግቢያ ላይ ዋለ።

አንድ ቅዳሜ ወዳጄ ቤት ስደርስ ባለቤቱ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«እስቲ አንተ እንኳ ምከረው፤ ሙቀጫዬን በላስቲክ ጠፍሮ መኝታ ቤት አስገብቶታል።»

ገብቼ አየሁት። ከዚያ ሥራ የወጡት ቁርጥራጮች ሁለት ብቻ ስለሆኑ የቀረውን እሱ በተመሳሳይ መንገድ ሊሞላው አስቧል። ሕጉስ? ዘመን አለመቀላቀሉስ? «ሙቀጫው ከ1973 በፊት የተሠራ ነው» አለኝ፤ የአያቱ ነው። ባለቤቱ ከኋላዬ ቆማ ታዳምጥ ነበር። «እነዚያ እንኳ ሚሊዮን እያላቸው ሲያቅታቸው ትተውታል፤ እሱ የእኔን ወንፊት ይዞ ሊጨርሰው ነው?» አለችና ወንፊቱን ይዛ ወጣች። የዚያን አልበም ነገር ከዚያ ወዲህ አንሥቶ አያውቅም፤ በእኔ እምነት የሮክ ታሪክ ወንፊቱን ከመቀማቷ ምንም አልጎደለበትም።

ከሁሉ የሚያሳዝኑት አልቀው ዝግጁ ሆነው የቀሩት ናቸው። ኒል ያንግ «ሆምግሮውን»ን በ1974 እና በ1975 ቀረጸው፤ ከልጁ እናት ጋር ሲለያይ የተሠራ አልበም ነው። ለጓደኞቹ ሊያሰማ ሲያጫውት፣ ክሩ ላይ ቀጥሎ የነበረው ቀደም ሲል ስለሞቱ ሁለት ወዳጆቹ የሠራው «ቱናይት'ስ ዘ ናይት» አብሮ ተሰማ። ሪክ ዳንኮ የተባለው ሙዚቀኛ ይኸኛውን አውጣ አለው፤ አወጣው። «ሆምግሮውን» 45 ዓመት ቆይቶ በ2020 ወጣ። ሲወጣ ሰማሁት። ጥሩ አልበም ነው። «ጥሩ» የሚለው ቃል ግን ወዳጄን አበሳጨው። 45 ዓመት አንገቱ ሲረዝም የኖረ አልበም ወጥቶ ጥሩ ብቻ ሲባል ምን ይባላል? እሱ ራሱ የገጣጠመውን የድሮውን «ሆምግሮውን» ከኮምፒውተሩ አላጠፋውም፤ ሁለት ዘፈን ከትክክለኛው አይገጥምም፤ «ያው ሆኖ ነው የለመድኩት» አለኝ።

ብሩስ ስፕሪንግስቲን ደግሞ ተቃራኒውን አደረገ። በ1982 መባቻ ኒው ጀርሲ ቤቱ ውስጥ ብቻውን በአራት መስመር ካሴት መቅጃ ለባንዱ ማስተማሪያ ይሆናል ብሎ ዘፈኖች ቀረጸ። ካሴቷን ያለ ልባሷ ኪሱ ውስጥ ይዞ ዞረ። ከዚያ ሙሉ ባንዱን ስቱዲዮ ሰብስቦ ቀረጻቸው፤ ካሴቷ ግን በለጠች። «ኔብራስካ» ብሎ ራሷን አወጣት። የባንዱ ቅጂ ከዚያ ወዲህ ከአርባ ዓመት በላይ ተረት ሆኖ ኖረ፤ ስፕሪንግስቲን ራሱ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብሎ በተናገረበት ዓመት፣ በ2025፣ መጋዘን ውስጥ ተገኝቶ ኦክቶበር ላይ ወጣ። ካሴቷ ትክክል ነበረች፤ ኪሱም።

አሁን ነገሩን ያባባሰው መሣሪያው ነው። ፒተር ጃክሰን ስለ ጌት ባክ ቀረጻ ፊልም ሲሠራ የእሱ ሰዎች በአንድ ክር ላይ የተደበላለቀ ድምፅን ለያይቶ ጊታሩን ለብቻ፣ ዘፋኙን ለብቻ የሚያወጣ ፕሮግራም አበጁ። በእሱ አማካይነት የቢትልሱ የጆን ሌነን የድሮ ካሴት ላይ ፒያኖው የዋጠው ድምፅ ወጣ፤ በ2023 «ናው ኤንድ ዜን» ተብሎ ታተመ። ሌነን የሞተው በ1980 ነው። የዚህ ብጤ ፕሮግራም ዛሬ ወዳጄ ኮምፒውተር ላይም አለ። ድሮ «ይህ ክፍል ድምፁ ስለተደባለቀ አይለይም» ብሎ ተስፋ ቆርጦ ይተኛ ነበር፤ አሁን የመተኛ ምክንያት አጣ። ቢትልስ በ1970 ባይለያዩ ኖሮ በ1971 ያወጡት የነበረውን አልበም ከየግላቸው ሥራ ሰብስቦ ሠርቷል፤ የሪንጎን ዘፈን ስንተኛ ላይ እንደሚያደርግ ጨንቆት ሰንብቷል። ጨረሰ፤ ደወለልኝ፤ ጆርጅና ፖል ይጣሉበታል ብሎ የሠጋበትን አንድ ዘፈን ራሱ ሽምግልና ተቀምጦ አውጥቶታል።

በቅርቡ ደግሞ «ካርኒቫል ኦቭ ላይት» ላይ ነው ያለው። ቢትልስ ጃንዋሪ 5 ቀን 1967 ለለንደን ራውንድሃውስ ዝግጅት የቀረጹት፣ ወደ 14 ደቂቃ የሚጠጋ ሁካታ ነው፤ ማካርትኒ በዘጠናዎቹ ላውጣው ቢል ሌሎቹ አልፈለጉም፤ እስካሁን አልወጣም፣ ሾልኮም አልተገኘም። ወዳጄ አልሰማውም። የት እንደሚገባ ግን ወስኗል፤ በሚገጣጥመው አልበም የሁለተኛው ገጽ መጨረሻ። ቦታውን ትቶለታል፣ 14 ደቂቃ ባዶ ክር። ዝምታውን ሁለቴ አስደመጠኝ። በሁለተኛው ላይ ድምፁን ትንሽ ከፍ አደረገው።